ሲሰናበት «አላመመኝም» ያለ ወታደር በኋላ የጉዳት ካሳ መጠየቅ ይችላል?

አንድ ወታደር ከአሜሪካ ሠራዊት ሲሰናበት ከሚሞላቸው ወረቀቶች መካከል የጤና ታሪክ መጠየቂያ ቅጽ ይገኝበታል። ቁጥሩ ዲዲ 2807-1 ነው። የሕመም ዓይነቶች ከላይ እስከ ታች ተደርድረውበታል፤ ከእያንዳንዱ ሕመም አጠገብ አንዱ «አዎ»፣ ሌላው «አይ» የሚል ሁለት ትንንሽ ሳጥን አለ። አዳማ ውስጥ በምሠራባት የትርጉም ቢሮ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋልኝ ቅጂ ሁሉም መልስ «አይ» በሚለው በኩል ነበር። ባለቤቱ እዚሁ አዳማ ተወልዶ ያደገ፣ ከ2011 እስከ 2017 በአሜሪካ ጦር ውስጥ በከባድ መኪና መካኒክነት ያገለገለ፣ አሁን ወደ ከተማው ተመልሶ የሚኖር ሰው ነው። ተደጋጋሚ የወገብ ሕመም ነበረብህ ወይ ለሚለው ጥያቄም «አይ» ብሏል፤ ይህንኑ መስመር በጣቱ ሊያሳየኝ ጎንበስ ሲል ግን በሌላ እጁ ወገቡን ደግፎ ነበር።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ይህን ማሳሰቢያ ከመጀመሪያው ያስቀመጥኩበት ምክንያት ወደ ኋላ ላይ ግልጽ ይሆናል።)

ሰውየው ከተሰናበተ ከስድስት ዓመት በኋላ ለወገቡና ለጆሮው ካሳ ጠይቆ ጥያቄው ውድቅ ተደርጎበታል። የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚመለከተው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በአጭሩ ቪኤ የሚባለው፣ የጻፈለት ደብዳቤ ገጾቹ ቢበዙም ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፤ ሲወጡ ሕመም እንደሌለብዎ አስታውቀዋል፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ስለመታከምዎ የቀረበ ማስረጃ የለም፣ ስለዚህ የዛሬው ሕመምዎ ከአገልግሎትዎ ጋር መያያዙ አልተረጋገጠም የሚል ነው። እሱም «እንግዲህ በገዛ እጄ ፈርሜ ዘጋሁት» ብሎ ነበር። በሕጉ ግን አልተዘጋም። የወጣበት ቀን መልስ ነገሩን ያከብደዋል እንጂ አይጨርሰውም፤ በዚህ ጽሑፍ የማብራራውም ይህንኑ ልዩነት ነው።

በቅድሚያ ወታደሩ ያመመውን ለምን እንደማይናገር መረዳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ይህ ካልገባን ነገሩ ሁሉ ውሸት ሊመስለን ይችላል። ሊሰናበት የተቃረበ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ቤቱ ነው። ያመመውን ቢዘረዝር ለተጨማሪ ምርመራ ተይዞ የጉዞው ቀን ይራዘምብኛል ብሎ ይሰጋል። ቀጥሎ በፖሊስነት ወይም በጥበቃ ሥራ ሊቀጠር ያሰበ ከሆነ ደግሞ በጤና መዝገቡ ላይ የሰፈረ ነገር እንዳያሰናክለው ይፈራል። ለዓመታት ሕመምን መቻል እንደ ጀግንነት በሚታይበት ሠራዊት ውስጥ የኖረ ሰው በመጨረሻው ሳምንት «ወገቤን» ማለት ያሳፍረዋል፤ በዚህ ላይ የእኛ አስተዳደግ ሲጨመርበት አስቡት፤ ሞት አፋፍ ላይ ሆኖም «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ሕዝብ ነን። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሰውየው ሕመሙን ከሕመም አይቆጥረውም። የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ጠዋት ጠዋት ወገቡን ቢይዘው አይቡፕሮፌን ውጦ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ በአርባ ዓመቱ ግን ከአልጋው ለመነሣት ግድግዳ ይደግፋል።

ቪኤ ካሳ የሚከፍለው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው። አንደኛው ዛሬ ያለና በሕክምና የታወቀ ሕመም ነው። ሁለተኛው በአገልግሎት ዘመን የደረሰ ጉዳት፣ የታየ ሕመም ወይም ለጉዳት የሚያጋልጥ ሁኔታ ነው። ሦስተኛው ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይ፣ ማለትም ይህ ሕመም ከዚያ አገልግሎት የመጣ ነው የሚል በቂ ምክንያት ያለው የባለሙያ አስተያየት ነው። ማስረጃው እንደ ወንጀል ክስ ከጥርጣሬ የጠራ እንዲሆን አይጠበቅም። የመሆኑ ዕድል ካለመሆኑ ዕድል ካላነሰ፣ ሚዛኑም እኩል ከቆመ፣ ሕጉ ለወታደሩ እንዲፈረድ ያዛል። በስንብት ዕለት የተሞላው «አይ» የሚጎዳው በተለይ ሦስተኛውን፣ ድልድዩን ነው፤ በመካከሉ ክፍተት ይፈጥራልና።

ስለዚህ ክፍተት የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ደጋግመው ተናግረዋል። በ1993 በሄንስሊ ጉዳይ የተሰጠው ውሳኔ አንድ ወታደር ሲሰናበት የተደረገለት የመስማት ምርመራ ጤናማ ቢሆንም እንኳ፣ በኋላ የመጣው የመስማት ችግር ከአገልግሎቱ የተነሣ መሆኑን ማሳየት ከቻለ ካሳው እንደማይከለከል አረጋግጧል። በ2006 በቡካናን ጉዳይ ደግሞ በጊዜው የተጻፈ የሕክምና ወረቀት የለም በሚል ብቻ የሰውየውንና የሚያውቁትን ሰዎች ቃል መጣል እንደማይቻል ተወስኗል። ይሁን እንጂ ሌላውንም ወገን መደበቅ አይገባም። በ2000 በማክሰን ጉዳይ ለረጅም ዓመታት ምንም ቅሬታ ሳይቀርብ መቆየቱ በሚዛን ሊገባ እንደሚችል ተነግሯል። ሦስቱ ውሳኔዎች አብረው ሲነበቡ ዝምታው በሚዛኑ ላይ አንድ ድንጋይ ነው፤ በሌላው ጎን ምንም ካልተቀመጠ ያ አንድ ድንጋይ ይበቃል፣ ሌላ ነገር ከተቀመጠ ግን ላይበቃ ይችላል።

ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ የመግቢያው ምርመራ ከመውጫው ይልቅ ሊጠቅም እንደሚችል ነው። ወታደሩ ሲቀጠር በተደረገለት ምርመራ ያልተመዘገበ ሕመም ካለ፣ ሕጉ ሰውየው ሲገባ ጤነኛ ነበር ብሎ ይነሣል። «ከመግባትህ በፊት ነበረብህ» ለማለት የሚፈልገው መንግሥት ሕመሙ ቀድሞ እንደነበረም፣ በአገልግሎቱ እንዳልተባባሰም፣ ሁለቱንም በማያሻማ ማስረጃ ማሳየት ይጠበቅበታል። ይህ ጥበቃ ብርቱ ነው፤ ባለጉዳዩ ራሱ ግን በአንድ የተሳሳተ ቀን ጥርጣሬ ሊያስነሣበት ይችላል።

ለአንዳንድ ሕመሞች ድልድዩን ሕጉ ራሱ ሠርቶ ያቀርበዋል። የመገጣጠሚያ አርትራይተስ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታና ሌሎች በዝርዝር የተቀመጡ ሥር የሰደዱ ሕመሞች ከስንብት በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ በተወሰነ ደረጃ ከታዩ፣ ከአገልግሎቱ እንደመጡ ይቆጠራሉ። ከተሰናበተ በስምንተኛው ወር አዳማ መጥቶ በአንዱ ክሊኒክ ደም ግፊቱን የተለካ ሰው ያቺ የተጨማደደች ካርድ ምን ያህል እንደምትጠቅመው ላይገምት ይችላል።

ከዚህም ሰፋ ያለው በነሐሴ 2022 የጸደቀው፣ ፓክት አክት የሚባለው የአሜሪካ ሕግ ነው። ኢራቅና አፍጋኒስታንን በመሳሰሉ ቦታዎች ቆሻሻ በግልጽ ጉድጓድ እየተቃጠለ ጭሱን ሲተነፍሱ የኖሩ ወታደሮች አንዳንድ ካንሰሮች፣ ሥር የሰደደ ሳይነስ፣ ከአገልግሎት በኋላ የታወቀ አስምና ሌሎች የመተንፈሻ ሕመሞች ካሉባቸው፣ ሕመሙ ከዚያ ጭስ መምጣቱን በየግላቸው ማስረዳት አይጠበቅባቸውም። ለእኛ አንባቢዎች የሚገርመው ከ2001 መስከረም 11 ወዲህ በጅቡቲ ያገለገሉትም በዚሁ ሕግ መካተታቸው ነው። የእኛው መካኒክ በ2014 ጅቡቲ ባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ በካምፕ ሌሞኒየር ነበር። በልጅነቱ በአዳማ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚያልፉትን ተሳቢዎች ቆሞ ይቆጥር የነበረ ልጅ፣ የመንገዱን መጨረሻ ያየው የአሜሪካ ወታደር ሆኖ ነው። ሳይነሱን በካሳ ጥያቄው ውስጥ ጨርሶ አላነሣውም፤ «የአዳማ አቧራ ነው» ብሎ ትቶት ነበር።

ስለ ጊዜና ስለ ገንዘብ አጠር አድርጌ ልናገር። የጉዳት ካሳ ለመጠየቅ የጊዜ ገደብ የለም፤ ከሃያ ዓመት በኋላም ይጠየቃል። ሆኖም ከስንብት በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ያመለከተ ሰው ክፍያው ከስንብቱ ማግስት ሲታሰብለት፣ ከዚያ የዘገየ ግን በአብዛኛው ካመለከተበት ቀን ጀምሮ ነው። ማስረጃው ገና ያልተሟላለት ሰው «ላመለክት አስቤያለሁ» የሚል ማስታወቂያ አስቀድሞ ቢያስገባ ያ ቀን ለአንድ ዓመት ይያዝለታል። የጉዳቱ መጠን በአሥር በአሥር እየጨመረ እስከ መቶ በመቶ ይሰጣል፤ የተለያዩ ጉዳቶች ግን ዝም ብለው አይደመሩም። ሃምሳና ሠላሳ ያለው ሰው ሰማንያ አያገኝም፤ ከመቶው ሃምሳው ከተነሣ በኋላ የቀረው ሃምሳ በሠላሳ በመቶ ተሰልቶ አሥራ አምስት ይሆናል፣ ድምሩ ስልሳ አምስት ይመጣና ወደ ሰባ ይጠጋጋል። ካሳው ውጭ አገር ለሚኖርም ይከፈላል።

አሁን ወደ ራሴ ሥራ ልመለስ፤ ከአዳማ ሆኖ የሚረዳ ሰው ሊጠቅም የሚችለው እዚህ ላይ ነውና። የሕክምና ወረቀት የጎደለበትን ክፍተት ከሚሞሉት አንዱ የምስክር ቃል ነው። ለዚሁ የተዘጋጀ 21-10210 የሚባል ቅጽ አለ፤ እናት፣ ሚስት፣ የሥራ ባልደረባ፣ ማንም ያየውን ሊጽፍበት ይችላል። ምስክሩ ሐኪም ስላልሆነ «ዲስኩ ተንሸራቷል» ቢል ብዙም አይጠቅምም፤ በዓይኑ ያየውን ሲናገር ግን ሕጉ ይሰማዋል። የጆሮ ጩኸትን የመሰለ ሕመም ደግሞ ከባለቤቱ በቀር ማንም ሊሰማው ስለማይችል፣ መቼ እንደጀመረው የሚናገረው የራሱ ቃል ትልቅ ክብደት አለው።

የእናቱን ቃል የተቀበልኩት በአማርኛ፣ በእጅ ጽሑፍ፣ በአንድ ደብተር ገጽ ላይ ነው። «በ2007 ለጥምቀት መጥቶ ወገቡን ስለቆረጠው ሶደሬ ወስጄ ሦስት ቀን ፍል ውሃ አስነክሬዋለሁ» ይላል። እንዲህ ያለ ማስረጃ ወርቅ ነው፤ ቀን አለው፣ ቦታ አለው፣ በመድኃኒት ፈንታ የተደረገውን ነገር ይናገራል። እኔ ግን በመጀመሪያው ረቂቄ 2007ን እንዳለ ገለበጥኩት። ሁለተኛ ሳነበው ደነገጥኩ። ልጁ ወደ ሠራዊቱ የገባው በ2011 ነው፤ የ2007 ዓ.ም. ጥምቀት ደግሞ የዋለው በጥር 2015 ነው። ያ ረቂቅ እንዳለ ቢላክ ኖሮ ወታደር ከመሆኑ አራት ዓመት አስቀድሞ ወገቡን ይታመም ነበር ብላ የገዛ እናቱ የመሰከረችበት ይመስል ነበር፤ ከላይ የተናገርኩለትን ጥበቃ ለመናድ ለሚፈልግ ሰውም መነሻ በሆነው ነበር። ከዚያ ወዲህ በማንኛውም የምስክር ቃል ትርጉም ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን እጽፋለሁ፣ ዋናው አማርኛም አብሮ እንዲላክ አደርጋለሁ።

ቃላቱም እንዲሁ ወጥመድ አላቸው። «ወገብ» የምንለው ሕመም ሲሆን የታችኛውን ጀርባ ነው፤ ለቀበቶ ማሠሪያ በሚያገለግለው የእንግሊዝኛ ቃል ከተተረጎመ ሐኪሙ የት እንደሚያም አያውቅም። «ጉልበቱን ጨርሶ መጣ» የሚል ዓረፍተ ነገር መገጣጠሚያውን ይሁን አቅሙን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ «ሌሊት ይቃዣል» የሚለው ነው። እናት ይህን ስትጽፍ ልጇ በእንቅልፉ እየጮኸ ይነሣል ማለቷ ነው፤ በቁሙ የሌለ ነገር ያያል ተብሎ ከተተረጎመ ግን ሌላ በሽታ ይሆናል። በጦር ሜዳ ድንጋጤ የመጣ የአእምሮ ጉዳት ለሚጠይቅ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ከምስክሩ ቀጥሎ የሐኪሙ ደብዳቤ ይመጣል። ከሆስፒታሎቻችን የሚወጣው የተለመደው ወረቀት «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምርና የሕመሙን ስም ጠቅሶ በማኅተም ያበቃል። ይህ የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ ማለትም ዛሬ ሕመም አለ ወይ የሚለውን ይመልሳል፤ ድልድዩን ግን አይሠራም። ሐኪሙ የሠራዊቱን የሕክምና መዝገብ ማንበቡን መግለጽ፣ ሕመሙ ከአገልግሎቱ የመምጣቱ ዕድል ካለመምጣቱ ያላነሰ ነው ወይስ ያነሰ ብሎ መናገር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለምን እንዲህ እንዳለ ማስረዳት አለበት። በእኛው ሰው መዝገብ ውስጥ ከጅቡቲ የተገኘች አንዲት ገጽ ነበረች፤ በ2014 ከተሳቢ ላይ ወድቆ ወደ ካምፑ ክሊኒክ ሄዶ የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶት በማግስቱ ወደ ሥራ መመለሱን ትናገራለች። ውድቅ ያደረገው ደብዳቤ ስለዚህች ገጽ ያነሣው ነገር የለም። ሐኪሙ ያንን አወዳደቅ ከዛሬው የኤምአርአይ ውጤት ጋር አያይዞ ሲያስረዳ ነው ወረቀቱ ክብደት የሚያገኘው። የሠራዊቱን መዝገብ በእጁ የሌለው ሰው ስታንዳርድ ፎርም 180 በሚባለው ቅጽ መጠየቅ ይችላል።

«አይ» ያልኩበትን ምክንያት ምን ብዬ ልጻፍ የሚል ጥያቄ አይቀርም። መልሴ እውነቱን ነው። «ቶሎ ወደ ቤቴ መሄድ ፈልጌ ነበር፤ የሚያልፍ መስሎኝ ነበር፤ በማስታገሻ እሠራ ነበር» የሚል ሐቀኛ ቃል ለመርማሪው እንግዳ አይደለም፤ ብዙ ወታደር የኖረበት ነውና። አንዳንዶች «ቅጹን ሌላ ሰው ነው የሞላልኝ» እንዲሉ ሲመከሩ ሰምቻለሁ። ፊርማቸው ከሥሩ ተቀምጦ ይህን ማለት ተአማኒነትን ያሳጣል፤ እያወቁ ሐሰት ማቅረብም በወንጀል ከማስጠየቁ ሌላ የካሳ መብትን ጭምር ሊያስወስድ ይችላል።

ጥያቄው ውድቅ ሲሆን ከ2019 ጀምሮ ሦስት መንገዶች አሉ። አዲስና ከጉዳዩ ጋር የተያያዘ ማስረጃ ያለው ሰው ተጨማሪ ማመልከቻ ያስገባል። ማስረጃው በቂ ነበር፣ የተሳሳተው ውሳኔው ነው የሚል ሰው ያንኑ መዝገብ ከፍ ያለ ባለሙያ እንዲያየው ይጠይቃል። ወይም ለቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ ቦርድ ያቀርባል። ውሳኔው በተሰጠ በአንድ ዓመት ውስጥ ከተንቀሳቀሰ የመጀመሪያው የማመልከቻ ቀን አይጠፋበትም። የእኛው ሰው ቀደም ሲል ያልቀረቡ የእናት ቃልና የሐኪም ደብዳቤ ስላሉት ለእሱ የሚስማማው የመጀመሪያው ነው። በዚህ ሁሉ የሚረዱ ፈቃድ ያላቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ወኪሎች አሉ፤ አገልግሎታቸው በነጻ ነው። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ዝግጅት ገንዘብ ማስከፈል ለጠበቃም ቢሆን ስለማይፈቀድ፣ «ካሳው ሲወጣ ይህን ያህል ፐርሰንት ትሰጠኛለህ» የሚል ደላላ በስልክ ከመጣ ስልኩን መዝጋት ነው።

ልጃቸው ወይም ወንድማቸው ገና በሠራዊቱ ውስጥ ላለ አንባቢዎች ነገሩ እጅግ ቀላል ነው። ከስንብቱ በፊት ከ180 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ገና ደንብ ልብሱን ሳያወልቅ የካሳ ጥያቄውን ማስገባት ይችላል፤ የስንብት የጤና ምርመራውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ያን ጊዜ «አዎ» ያለው እያንዳንዱ ሕመም በኋላ ከእናት ደብተር የሚፈለግ አይሆንም።

የእኛውን ሰው እናት ቃላቸውን አስተካክዬ ሳነብላቸው በጥሞና ሰሙኝና፣ «ሌላም ያየሁት አለ፣ ልጨምር?» አሉኝ። ጨመርኩላቸው። ልጃቸው ከተመለሰ ወዲህ ባጃጅ ውስጥ ሲገባ እንደ ድሮው ዘልሎ አይቀመጥም፤ መጀመሪያ የጣሪያውን ብረት ይይዛል፣ ከዚያ አንድ እግሩን ያስገባል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ሁለተኛውን እግሩን በእጁ አንሥቶ ያስገባዋል። ሾፌሮቹ እየጠበቁት እንደሚያጉረመርሙም ነገሩኝ፤ እሱንም ጻፍኩት።